ጭልሞ ዳር የተደፈኑት ዘጠኝ ጉድጓዶች

ከካምፓችን ግቢ ውጭ ጎልፍ የተጫወትኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ቦታው ከጊንጪ በስተሰሜን፣ ጭልሞ ጫካ ዳር ያለ ሜዳ ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አምቦ ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር። ደብዳቤ እተይባለሁ፤ ገበሬ አቤቱታ ይዞ ሲመጣ ኦሮምኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ የአለቆቹን መልስ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። እርስ በርሳችን በአማርኛ እናወራለን። በቀን ሦስት ቋንቋ ስናገር ውዬ ማታ ቤት ስገባ አፌ ይዝል ነበር።

ጎልፉን ያስተማረኝ የሥራው ተቆጣጣሪ የነበረው ኢንጂነር ነው። ፀጉሩ የነጣ፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ፈረንጅ ነበር። ከካምፑ ጀርባ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥራ በኋላ ከአንድ ባልደረባው ጋር ይጫወታል። ባልደረባው ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሲገባ ግን ብቻውን ቀረ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ስወጣ ጠራኝና ዱላውን ሰጠኝ። ከእኔ በፊት ሁለት ፎርማኖችንና ስቶር ኪፐሩን ሞክሯቸው ነበር፤ ፎርማኖቹ ሣሩን ቆፈሩት፣ ስቶር ኪፐሩ የቢሮ መስኮት ሰበረ። እኔ ረጅም ጉርድ ቀሚስ ለብሼ ስለነበር እግሬን ከፍቼ መቆም፣ ወገቤን መጠምዘዝ አልቻልኩም። ቀስ ብዬ መታሁ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች።

«ሁሉም ሰው ቀሚስ ለብሶ ቢማር ጥሩ ነበር» አለኝ ኢንጂነሩ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እጫወት ነበር። ለቤት አልተናገርኩም። አባቴ መምህርም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም ሴት ልጅ፣ ከፈረንጅ ጋር ኳስ ስትመታ ትውላለች የሚል ወሬ ጆሮው እንዲገባ አልፈለግሁም።

ጥቅምት ላይ ኢንጂነሩ አንድ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ጭልሞ አካባቢ ስለ ዛፎች የሚያጠና ሌላ ፈረንጅ ጓደኛ ነበረው። ይህ ጓደኛው ለእረፍት አገሩ ከመሄዱ በፊት ጫካው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በየጉድጓዱ ባንዲራ ተክሎ፣ ካርታውን በእርሳስ ስሎ ልኮለታል። ከካርታው ግርጌ «ሜዳው የሁሉም ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይጫወት» ብሎ ጽፏል።

«ፈቃድ አለው?» አልኩት።

«ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ተነጋግሬያለሁ ብሎኛል።»

ነገሩን በዚሁ ተውኩት። መተው አልነበረብኝም። ኢንጂነሩ እንግዳ ነው፤ እኔ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። የሁሉም የሆነ ሜዳ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ካሎ ነው፤ የጋራ ግጦሽ። የሁሉም ስለሆነ ማንም እንደፈለገው የሚያደርገው ሳይሆን፣ ሁሉም ሳይስማማ ማንም የማይነካው መሬት ነው። ይህን ያኔ ብናገር ኖሮ ቅዳሜን ቤቴ ልብስ ሳጥብ እውል ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ መጫወት ፈልጌ ነበር። ከሦስት ጉድጓድ በላይ አይቼ አላውቅም፤ ዘጠኝ ሲባል ጓጓሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን በፒክአፕ ወጣን፤ ኢንጂነሩ፣ እኔና ሹፌሩ። ሹፌሩ የአምቦ ልጅ ነው፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አብሮ ስለተማረ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው። ጊንጪ ላይ ሻይ በዳቦ ቀማመስንና የጠጠሩን መንገድ ይዘን ወደ ሰሜን አቀናን። ከግራና ከቀኝ ጤፉ ዘለላ አውጥቷል፤ ከፊታችን ጫካው ጠቁሮ ይታያል። ሹፌሩ በየመታጠፊያው ካርታውን እያየ «ይሄ ሰውዬ ዛፍ እንጂ መንገድ መሣል አይችልም» ይል ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳስተን ተመለስን። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳውን አገኘነው።

ሰፊ ነበር። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ሣሩ በከብት ተግጦ ያጠረ፣ ከላይ በኩል ጽድና ዝግባ የከበቡት። ሣሩ ላይ እዚህም እዚያም ቀያይ ጨርቅ የታሰረባቸው ሸምበቆዎች ቆመዋል። እነሱን ሳይ ደስታዬ ቀዘቀዘ። እኛም አዲስ መንገድ የሚያልፍበትን መሬት የምናመለክተው ቀይ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስረን ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ቤቱ ደጃፍ ላይ የተተከለበት ሰው ቢሮዬ መጥቶ ሲያለቅስ ስንቴ አስተርጉሜያለሁ።

«ባንዲራዎቹ የእኛን ችካል ይመስላሉ» አልኩት ኢንጂነሩን።

ቀና ብሎ አያቸው። «እውነትሽን ነው» አለና ዱላዎቹን ከነቦርሳቸው አወረደ።

ሹፌሩ መኪናው ጋ ቀረ። እኛ ጀመርን።

የማያውቁት ሜዳ ላይ መጫወት ከባድ ነው። ካምፑ ውስጥ ኳሷ የት እንደምትነጥር፣ የትኛው ጉብታ ወዴት እንደሚያንከባልላት በቃሌ አውቅ ነበር። እዚህ ዓይኔ አታለለኝ። ቅርብ የመሰለኝ ባንዲራ ሩቅ ሆነ፤ ካርታው ላይ እንደ ክር የቀጠነው መስመር ቦታው ላይ ረግረግ ሆኖ ጠበቀኝ። የመጀመሪያ ኳሴ እዚያ ገብታ ቀረች። ጫማዬን ጭቃ ውጦት ስወጣ አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ከጫካው ወጥታ በአጠገቤ ስታልፍ አየኋት።

«አካም ቡልተን?» አልኳት፤ እንደምን አደሩ ማለቴ ነው።

ቀጥ ብላ አየችኝ። እጄ ላይ ያለውን ዱላ አየች፤ ባንዲራውን አየች። አልመለሰችልኝም። ሸክሟን አመቻችታ ቁልቁል ሄደች።

በዚያ አገር ሰላምታ ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው የለም። የተጣላም ቢሆን በአፍንጫውም ቢሆን ይመልሳል። ለኢንጂነሩ ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ? «አንዲት ሴት ሰላም አላለችኝም» ብለው ምኑ ይገባዋል? ሁለተኛውን ጉድጓድ በስንት ምት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ዓይኔ ከኳሷ ይልቅ ሴትየዋ በሄደችበት በኩል ነበር።

ሦስተኛው ባንዲራ ጋ ስንደርስ ጩኸቱን ሰማሁት።

መጀመሪያ አንድ ድምፅ ነበር፤ የወንድ፣ ረጅም። ከማዶ ጉብታ ሌላ ተቀበለው። ከዚያ ከታች ከመንደሩ ሦስተኛው። ልጅ ሆኜ አጎቴ አገር ይህን ጥሪ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ የሰው ቤት እየተቃጠለ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

«ሰው እየተጠራራ ነው።»

«ለምን?»

«ለእኛ ይመስለኛል።»

ሹፌሩ ከመኪናው በኩል እየሮጠ መጣ። «እንሂድ! እህቴ፣ አሁኑኑ እንሂድ!» ነገር ግን እኛ ጋ ደርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ በእኛና በፒክአፑ መካከል ሰዎች ቆመዋል። ከጫካውም በኩል እየወጡ ነው። ሃምሳ፣ ምናልባትም ስልሳ ይሆናሉ። ወንዶቹ ዱላ ይዘዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ማንም አይሮጥም። መሮጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አልነበሩም፤ መሬቱ የነሱ ነው።

ክብ ሠርተው ቆሙ። ከመካከላቸው ቀጭን፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ወጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አንገቱ የደነደነ ሰውዬ ቆመ። እሱ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ንግግሩ ሁሉ በኦሮምኛ ነበር።

«ጊደሬን የሰበራችሁ እናንተ ናችሁ!»

ምን እንደሚል ሳይገባኝ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ፤ ዝም አለ። ወደ እኔ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ እንደ ማለት ነው። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«የአምቦ።»

«ቋንቋችንን እንዲህ እየተናገርሽ መሬታችንን ለማን ትለኪያለሽ?»

«አባቴ፣ እየለካን አይደለም። ጨዋታ ነው። ኳስ ነው የምንጫወተው።»

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። በዚህ መካከል ሁለት ጎረምሶች ከፒክአፑ በኩል አንድ ነገር ተሸክመው መጡ። ሹፌሩ ዓርብ ዕለት ከሥራ ሲመለስ ሳያወርደው የቀረው የመሬት መለኪያ መሣሪያችን ነበር፤ ሦስት እግር ያለው፣ መነጽሩ ከላይ የሚታሰረው። ሸራ ሸፍኖት ሳላየው ቀርቻለሁ። አምጥተው ሽማግሌው እግር ሥር አቆሙት።

«ይሄስ?» አለ ባለ ጊደሩ። «ይሄም ኳስ ነው?»

ሹፌሩ በአማርኛ «አልቆልናል» ሲል ሰማሁት።

ኢንጂነሩ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱም ተረጋግቶ፣ ቢሮ ውስጥ እንደሚናገረው፣ «እኔ መንገድ እንጂ የእርሻ መሬት እንደማልለካ ንገሪያቸው። ይህ መሣሪያ የመንገድ ሥራ ነው በያቸው» አለ።

ይህን ብተረጉም ምን እንደሚሰሙ አወቅሁ። እነሱ ጆሮ የሚገባው «እኔ እለካለሁ» የሚለው ነው። መንገድ ደግሞ መሬት ይወስዳል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አፌ ውስጥ ሌላ ነገር ተዘጋጀ። ሐኪም ነው ልላቸው ነበር። የእግዜር ሰው ነው፣ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ቦታ እያየ ነው ልላቸው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሷል።

ሽማግሌው አፌን እያዩ «ምን አለ?» አሉኝ።

በኋላ ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ ሐቀኛ ሆኜ እንዳልዋሸሁ ይገምታሉ። አይደለም። ሹፌሩን ለብቻው ወስደው ቢጠይቁትስ ብዬ ፈርቼ ነው። ሁለታችን የተለያየ ነገር ብንናገር ያኔ በእርግጥ እንሞታለን ብዬ አሰብኩ።

«የመንገድ ኢንጂነር ነው» አልኩ። «ሥራው መለካት ነው። መሣሪያውም የሥራችን ነው፤ ትናንት ሳይወርድ ረስተነው መጣን። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው። ዛሬ የመጣነው ለመጫወት ብቻ ነው። ባንዲራዎቹን የተከላቸው ጓደኛው ነው፤ ዛፍ የሚያጠናው ሰውዬ።»

ክቡ ጠበበ። ከኋላዬ ያለው ሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። አንዱ የኢንጂነሩን ቦርሳ ነጠቀ፤ ዱላዎቹ ሣሩ ላይ ተዘረገፉ። ባለ ጊደሩ «አመነች! በአፏ አመነች!» ይላል።

ሽማግሌው ከዱላዎቹ አንዱን አንሥተው ጫፉን ዳበሱት።

«ቂሌ የመሰለ ነገር ነው» አሉ። ቂሌ እነሱ የሚሉት በአማርኛ የገና ጨዋታ የሚባለውን ነው፤ በቆልማማ ዱላ እንጨት ኳስ የሚመታበትን። «ጨዋታ ከሆነ ተጫወቱ። እኛ እናያለን። ጨዋታና ሥራ አይቶ መለየት አያቅተንም።»

«ኦቦ፣ እያታለሉን ነው!» አለ ባለ ጊደሩ።

«ሲያታልሉም እናያለና።»

ለኢንጂነሩ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ቀጥሎ ፊቱ ቀላ። «ጀምሪ» አለኝ። «ተራው የአንቺ ነው።»

በእርግጥ ተራው የእኔ ነበር። ኳሴ ከጉድጓዱ አራት እርምጃ ያህል ርቃ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ካምፕ ውስጥ ከዚህ ርቀት ከሦስቱ ሁለቱን አስገባለሁ። አሁን ግን ሰው ሁሉ እጄን ያያል። መታሁ፤ በጎን አለፈች። ከማዶ ሆኜ እንደገና መታሁ፤ ጠርዙን ነክታ ዞረች። ሣሩን የሚግጥ ከብት ድምፅ እንኳ ይሰማል። ጉድጓዱ እንደዚያ ጠቦ ታይቶኝ አያውቅም። ሦስተኛውን ስመታ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ፣ ኳሷ ስትገባ አላየሁም፤ ከውስጥ «ቃ!» ብላ ስትጮህ ብቻ ሰማሁ።

ያ ድምፅ ሊገድለን ነበር።

«ብረት ነው!» አለ አንዱ። «ብረት ቀብረዋል!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ። የመሬት ወሰን ሲከለል ብረት እንደሚቀበር ሁሉም ያውቃል፤ እኛም ቀብረናል፣ በስንት ቦታ። ባለ ጊደሩ ኢንጂነሩን ደረቱ ላይ ገፋው። ሹፌሩ መሐል ገባ። ዱላ ከጭንቅላቴ በላይ ሲነሣ አይቼ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው ተነሥተው ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከኩ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና ታገሉ፤ አፈሩ እየፈረሰ አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ወደ ብርሃን አነሡት።

የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። የጉድጓዱ አፍ እንዳይናድ ዛፍ አጥኚው የከተተው ነው። ወረቀቱ አልለቀቀም ነበር፤ ቀዩ ቲማቲም ከነቅጠሉ ይታያል።

ሽማግሌው ጣሳውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ ለሰዉ አሳዩት። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቀች። ያች ሳቅ ከአንዱ ወደ ሌላው አለፈች፤ ሁሉም ሳይሆን ጥቂቶቹ ሳቁ። የተነሣው ዱላ ሲወርድ አየሁ። እኔ ከተቀመጥኩበት መነሣት አቃተኝ፤ ሹፌሩ ነው በብብቴ ይዞ ያቆመኝ።

ባለ ጊደሩ ግን አልሳቀም። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ወደ እኔ ቀርቦ እንዲህ አለ፦ «ጨዋታም ይሁን ልኬት እኔ አያገባኝም። ስድስተኛው ምልክት ጋ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ጊደሬ እግሯ ገባ። ተሰበረች። ባለፈው ሳምንት አረድናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ይህን ንገሪው። ሳታሳምሪ ንገሪው።»

ሳላሳምር ነገርኩት።

ኢንጂነሩ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ጉድጓዱን አሳዩኝ አለ። ወሰዱን። ጣሳውን ከብት ረግጦ አውጥቶታል፤ የመስከረም ዝናብ ጠርዙን ሸርሽሮ አፉን አስፍቶታል፤ አንድ ክንድ ያህል ይጠልቃል። ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ተንበርክኮ በእጁ አፈር እየዛቀ መክተት ጀመረ።

«ተው በዪው» አለኝ ባለ ጊደሩ።

«ለምን?»

«ሽማግሌ ተጫወቱ ብሏል። ቃሉ አይሻርም። ተራውን ጠብቃችሁ፣ እየተጫወታችሁ፣ እያንዳንዱን እየደፈናችሁ ትሄዳላችሁ። ዘጠኙም እስኪያልቅ። እኔ ከኋላ ነኝ።»

እንዲሁም ሆነ። ወደ መጀመሪያው ተመልሰን ሁለቱን ደፈንን፤ ሦስተኛውን ደፈንን፤ ከዚያ አራተኛውን ተጫወትን። ኳሷ ገብታ ስትወጣ ሸምበቆው ይነቀላል፣ ጣሳው ይወጣል፣ አፈር እንሞላለን፣ በእግራችን እንረግጣለን፣ ባለ ጊደሩ መጥቶ በተረከዙ ይሞክረዋል። ከለሰለሰበት «ጨምሩ» ይላል። መቆፈሪያ አልነበረንም። ከምስጥ ኩይሳ ሥር አፈር በጨርቅና በባዶ እጅ እያጋዝን ነበር። እኔ በቀሚሴ ታቅፌ አመላልስ ነበር። ሰዉ እየተከተለን ነው፤ አይረዳንም፣ አይሳደብምም። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ይልቅ ከበደኝ። አንድ ስህተት ብንሠራ፣ አንዱን ጉድጓድ ብንዘልል፣ ኢንጂነሩ ሰዓቱን ቢያይ እንኳ ነገሩ እንደገና የሚነሣ ይመስለኝ ነበር።

ሰባተኛው ላይ ባለ ጊደሩ ድንገት እጁን ዘረጋ። ኢንጂነሩ ረጅሙን ዱላ ሰጠው። ሰውዬው እንደ ቂሌ ተጫዋች አንድ እጁን ዝቅ አድርጎ ያዘው፣ ጎንበስ አለ፣ በግራው መታ። ኳሷ እኔም ኢንጂነሩም መትተን በማናውቀው አኳኋን ዝቅ ብላ እየፏጨች ሄዳ ጫካው ውስጥ ገባች። ዛፎቹ ላይ ያሉ ጉሬዛዎች ተንጫጩ። ሰዉ «ሃይ!» አለ። እሱ ፊቱን አልፈታም።

«ሌላ» አለ።

ኢንጂነሩ ሌላ ኳስ አስቀመጠለት። ሁለተኛዋም ጫካ ገባች። ዱላውን መልሶ ለእኔ ሰጠኝና «ይሄን ያህል ሜዳ የሚፈለገው ለዚህ ነው?» አለ።

ዘጠነኛው ሲደፈን ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ሽማግሌው ሁሉንም ተከትለው ዞረዋል። ሸምበቆዎቹን አንድ ላይ አስረው ለአንዲት ሴት ሰጧት፤ ለአጥር ይሆናል ብለው መሰለኝ። ከዚያ በእኔ በኩል ለኢንጂነሩ እንዲህ አሉት፦ «አንተ አልቆፈርክም። የጊደሯ ነገር በቆፈረውና በባለቤቷ መካከል ነው። ሰውዬው ሲመለስ ይዘኸው ና፤ እንቀመጣለን። እስከዚያ መንገዱ ክፍት ነው፤ ሂዱ።»

መለኪያ መሣሪያውን ያመጡት ጎረምሶች ራሳቸው ተሸክመው መልሰው ጫኑት። ፒክአፑ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ቁልፉን ማስገቢያው አጠገብ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳተው። ጊንጪን ስናልፍ ኢንጂነሩ «መሣሪያውን ሲያመጡ የተናገርኩትን ቶሎ አልተረጎምሽም። ምን እያሰብሽ ነበር?» አለኝ።

«ሐኪም ነህ ልላቸው ነበር።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ብትዪም አላውቅም ነበር» አለ። «እዚህ አገር ስንት ጊዜ ምን ተብዬ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ አገኘችኝ። ቀሚሴ ጭቃ ነው፤ ጥፍሮቼ ሥር አፈር አለ፤ መዳፌ ተልጧል። «ምን ስትሠሪ ውለሽ ነው?» አለችኝ። «ጉድጓድ ስደፍን» አልኳትና ማልቀስ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎልፉንም። ለአባቴ እሷ ነገረችው። እንደፈራሁት አልተቆጣም። አጠገቤ ተቀምጦ «ሰውዬው ጊደሯ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር አለሽ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ገበሬ ቤት ነው ያደገው።

ዛፍ አጥኚው ከወር በኋላ ተመለሰ። ኢንጂነሩ ቃሉን አክብሮ ይዞት ሄደ፤ እኔም ለማስተርጎም ሄድኩ። መሄድ አልፈለግሁም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሽማግሌዎቹ ሜዳው ዳር ዝግባ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። የቀበሌው ሊቀመንበርም ነበር፤ «ጉብኝት መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት» ብሎ ማለ። ዛፍ አጥኚው ወጣትና ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ይቅርታውን ሲጠይቅ ግን ቃሉን እየመረጠ ቀስ ብሎ ተናገረ። ሣር ይዘው ታረቁ። በጊደሯ ፈንታ ከጊንጪ ገበያ የተገዛች ያረገዘች ጊደር በአይሱዙ ጭነን አምጥተን ነበር። ባለ ጊደሩ ጥርሷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አንሥቶ ተመለከተ። «ይሁን» አለ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሊነሡ ሲሉ ዛፍ አጥኚው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ጫካው ጥግ ላይ፣ ከብት የማይደርስበት ቦታ፣ አንዲት ጉድጓድ ብቻ ቢፈቅዱለት እንድጠይቅለት ለመነኝ። ሽማግሌው ምን እንዳለ ጠየቁኝ።

«ያመሰግናል» አልኩ።

ባለ ጊደሩ ገመዱን ይዞ መሳብ ጀመረ። ጊደሯ ቦታው አዲስ ሆኖባት አራት እግሯን ተክላ አልሄድ አለች። ዛፍ አጥኚው ከኋላ መጥቶ ይገፋት ጀመር፤ ኢንጂነሩም ኮቱን አውልቆ ተጨመረ። ሦስቱ እየሳቡና እየገፉ በሜዳው መሐል ወጡ።